የሦስት ጣት ትርፍ

ምንም ነገር ከመለወጡ በፊት ሁኔታው እንዲህ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ ብቸና ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ላይ በሚያወጣው መንገድ ዳር ያለው የእመት ባንቺዓለም ቤት በረንዳ ርዝመቱ ሰባት ክንድ፣ ስፋቱ ሦስት ክንድ ነው። በአንዱ ጫፍ የእመት ባንቺዓለም በቅሎ ትታሰራለች። በሌላው ጫፍ ገላው ተቀምጦ ቆርቆሮ ይቆርጣል። ከበረንዳው ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ሚስቱ ፋንታነሽ ወለሉን ጠርጋ በከሰል ንድፍ ታወጣለች፤ ሲመሽ ንድፉ ይጠፋና ቁርበት ይነጠፍበታል። የገላው ታናሽ ወንድም አምባቸው አናጢ ነው። እሱ በረንዳው ላይ ቦታ ስላልተረፈው ከከተማው ታችኛው ጫፍ፣ ከአንዲት ግራር ሥር ይጠርባል። ዝናብ ሲመጣ ገላው ቆርቆሮውን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ንድፉ ይረገጣል፤ አምባቸው እንጨቱን በጆንያ ሸፍኖ እየሮጠ ይመጣል። ከዚያ ሦስቱም ቁጭ ብለው ዝናቡን ያያሉ። ክረምት ለእነሱ ይህ ነበር።

የሚሠሩት ነገር ግን ከበረንዳው የሰፋ ነው። ኩራዝና ማንቆርቆሪያ ለዕለት ጉርስ ይሠራሉ፤ ስማቸውን ያስጠራው ግን የሙሽራ ሣጥን፣ የመስኮት ክፈፍና የጣሪያ ጠርዝ ጌጥ ነው። የፋንታነሽ እናት ጠላፊ ነበሩ። እሳቸው በቀሚስ ደረት ላይ በክር ያወርዱት የነበረውን ሐረግና መስቀል ልጃቸው በሚስማር ጫፍ ቆርቆሮ ላይ ታወርደዋለች። ፋንታነሽ ትነድፋለች፣ አምባቸው የእንጨቱን ቅርጽ ያወጣል፣ ገላው ቆርቆሮውን ቆርጦ በቅርጹ ላይ ያጥፈዋል። እያንዳንዱ በየቦታው ሠርቶ ይልካል። ከሦስት ክንድ የበለጠ ዕቃ ሲሆን የሚገጣጠመው በባለቤቱ ግቢ ነው። የገዛ ሥራቸውን ሙሉ ሆኖ ቆሞ መጀመሪያ የሚያየው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነበር። ፋንታነሽን ከሁሉ የሚቆጫት ይህ ነው።

በየካቲት አጋማሽ፣ በገበያ ቀን፣ ገላው አንድ ሙሉ ቆርቆሮ ሊያዞር ወደ መንገድ ሲያወጣው ፀሐይ መታውና ብልጭታው በቅሎዋን ዓይኗ ላይ አገኛት። በቅሎዋ ማሰሪያዋን በጥሳ ቁልቁል ገበያው ውስጥ ገባች። ጋን ሻጮች መካከል ነው የቆመችው።

«ገላው!» አሉ እመት ባንቺዓለም፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ። «ይህች በቅሎ የባሌ ቅርስ ናት! ባሌን ጣሊያን አላስደነበረውም፤ የሱን በቅሎ አንተ ታስደነብራት?»

«ፀሐዩ ነው፣ እመት።»

«ፀሐዩንስ በቆርቆሮ ጠርቶ ያመጣው ማን ነው? በቃ። ከፋሲካ ወዲያ በረንዳዬን ልቀቁልኝ።»

አምባቸው መጋዙን በብብቱ ይዞ ደርሶ ኖሯል። «እመት፣ በቅሎዋ ብትለቅ አይሻልም? ኪራይ የምንከፍለው እኛ ነን» አለ።

«አንተ ደግሞ! አፍህ ከመጋዝህ ይበልጣል። እንጨቱን እንደ አፍህ ብትቆርጠው ኖሮ ይኼኔ የራሳችሁ ቤት ይኖራችሁ ነበር።»

አምባቸው ሳቀ። ፋንታነሽ ግን አልሳቀችም፤ ነገሩ እውነት ነበረበት። የከተማው ሹም ለእጅ ሥራ ሰዎች ብሎ ወደ ደብረ ወርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ቦታ ሸንሽኖ ነበር፤ ለገላውም ደርሶታል። ድንጋጌው አንድ ነው፦ ሰኔ እስኪገባ ጣሪያ ያላወጣ ሰው ቦታውን ለተከታዩ ይለቃል። ድንጋይና ጭቃ ቦታው ላይ ሞልቷል። እንጨት ግን የባለ ርስት ነው፤ ባለ ርስት ደግሞ ለቀጥቃጭ ዛፉን በቀላሉ አይቆርጥም። ፋንታነሽ ቦታውን ብቻዋን ሄዳ በእግሯ ለክታዋለች። የገላው መቁረጫ የት እንደሚሆን፣ የአምባቸው ጠረጴዛ የት እንደሚቆም፣ ሳይጠፋ የሚያድር ንድፍ በየትኛው ወለል ላይ እንደሚሣል በልቧ አስቀምጣ ጨርሳለች። የጎደለው እንጨቱ ብቻ ነው።

ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ከሞጣ በኩል አንድ ቄስ በበቅሎ መጡ። ቄሰ ገበዝ ወልደ ሰንበት ይባላሉ፤ ከሞጣ አለፍ ብላ ያለችው የሾላ ሜዳ ኪዳነ ምሕረት ገበዝ ናቸው። ጺማቸው ሙሉ ነጭ፣ ዓይናቸው ግን የወጣት ነው። ከበቅሏቸው ሳይወርዱ በረንዳው ላይ የተደረደረውን ሁሉ አንድ በአንድ አዩ።

«ሞጣ ላይ በአንድ ሠርግ የሙሽራ ሣጥን አየሁ» አሉ። «ክዳኑ ላይ ያለው ሐረግ መነሻው የት፣ መድረሻው የት እንደሆነ ስፈልግ ወጡ ቀዘቀዘብኝ። ይህን የሠራው እጅ የማን ነው?»

«እጁ ለሦስት ሰው ነው የተከፋፈለው፣ አባቴ» አለ አምባቸው። «እኔ ጋ ያለው አውራ ጣቱ ነው።»

ገበዙ ፈገግ አሉ። ደብራቸው የሣር ክዳኗን አውርዳ ቆርቆሮ ልትለብስ ነው፤ አሮጌው የሸክላ ጉልላት በቆርቆሮ ላይ አይቆምም። አራት ክንድ የሚቆም፣ ክንፍ ያለው፣ የሰጎን እንቁላል የሚሸከም፣ በጫፉ መስቀል ያለበት ጉልላት ይፈልጋሉ። ከቀበቷቸው ሥር የተጠቀለለ የጥጥ ገመድ አወጡ። ከጫፉ እስከ ቋጠሮው ድረስ ያለው፣ ከጣሪያው በላይ ብቅ የሚለው የምሰሶው ራስ ዙሪያ ነው።

«የሰው ክንድ ይለያያል፤ እኔ ራሴ ነኝ የለካሁት» አሉ። «ዋጋችሁን ደግሞ ሰምቼ ነው የመጣሁት። እንጨት አጥታችኋል አሉ። የደብሩ ባሕር ዛፍ አለ። ለቤት የሚበቃችሁን፣ ምሰሶውን ከነማገሩ እሰጣችኋለሁ። ነገር ግን ጉልላቱን መጀመሪያ ነፋስ ይየው። የእኛ አገር ነፋስ ዕድሜ አያከብርም። እሱ ሳያነቃንቀው ካለፈ ዛፉ የእናንተ ነው።»

ፋንታነሽ ገመዱን ተቀብላ በጣቷ ላይ ጠቀለለችው። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ነፋስ መምጣቱን ልቧ አሰላ። ግንቦት ያለ ነፋስ አይወጣም።

ያን ጾም እንደ ሠሩት ሠርተው አያውቁም። ፋንታነሽ ክንፎቹን እንደ ቀሚስ ጥልፍ ነደፈቻቸው፤ እያንዳንዱ ክንፍ ላይ ሐረጉ ከሥር ተነሥቶ እንቁላሉ በሚቀመጥበት ላይ አበባ ሆኖ ይዘጋል። ገላው ሲቆርጥ ትንፋሹን ይይዛል፤ መቀሱ ዙሩን ሲጨርስ ነው የሚተነፍሰው። አምባቸው ቅርጹን ከዋንዛ ጠርቦ አለስልሶ ላከ። በመጨረሻ ምሰሶውን የሚለብሰው እግር ተሠራ፤ አንድ ክንድ የሚረዝም ክብ ቱቦ ነው። ገላው ቆርቆሮውን በአምባቸው ቅርጽ ላይ ሲያጥፈው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ገጠመ። ሦስቱም ደስ አላቸው።

ከሆሳዕና በፊት ጉልላቱን በየክፍሉ በጭድ ጠቅልለው በጭነት መኪና ጫኑት። በደብረ ወርቅ፣ በግንደ ወይን አልፈው ሞጣ ሲደርሱ ሦስቱም ከአቧራው የተነሣ አንድ መልክ ሆነው ነበር።

የሾላ ሜዳ ምእመናን በግቢው ውስጥ ተሰብስበው ጠበቁ። ገላውና አምባቸው አዲሱን ጣሪያ ወጡ። ፋንታነሽ ከዋርካው ሥር ቆማ አንገቷን ቀና አድርጋ ታያለች። ጉልላቱ ክንፉ ተዘርግቶ፣ መስቀሉ ተተክሎ በገመድ ተጎትቶ ሲቆም እልልታው ቀለጠ። ሙሉ ሆኖ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። እሷ ያወጣችው ሐረግ ሰማይ ላይ ሲታይ ወለል ላይ ከነበረው የበለጠ ቀጭን፣ የበለጠ ሕያው ነበር። እልል ልትል አፏን ከፈተች።

ጉልላቱ ዘንበል አለ። አምባቸው ያዘው። ወደዚህ ሲመልሰው ወደዚያ ዘንበል አለ። ጫፉ ላይ ያለው መስቀል ከወዲያ ወዲህ አንድ ስንዝር ያህል ተወዛወዘ።

«ምነው፣ ብቸና ላይ ጠላ አጠጡት እንዴ?» አለ አንድ ሽማግሌ ከሕዝቡ መካከል። ሳቅ ሆነ።

«በሑዳዴ?» አለ ሌላው። «ቀጥቃጭ ምን ጾም ያውቃል!»

ቄሰ ገበዝ ወልደ ሰንበት እጃቸውን አነሡና ሳቁ ቆመ። ወደ ፋንታነሽ መጥተው ዝቅ ባለ ድምፅ «ገመዴ ነው የዋሸው፣ ልጄ?» አሏት።

«አላወቅሁም፣ አባቴ። ጥቂት ታግሠውን እንየው።»

ወንድማማቾቹ ጉልላቱን በጠፍር ለጊዜው አስረው ወረዱ። ከዋርካው ሥር ሦስቱም ተቀመጡ። ፋንታነሽ ገመዱን አውጥታ መሬት ላይ ዘረጋችው። አምባቸው ጣሪያው ላይ ሳለ የእግሩን ዙሪያ በሌላ ክር ለክቶ ነበር፤ ያንን ከጎኑ አጋደመችው። ክሩ ከገመዱ በሦስት ጣት ይበልጣል።

«ንድፉን ስታወጪ ስንት ተራፊ ሰጠሽ?» አለ ገላው።

«ለማጠፊያ ሦስት ጣት። ሁልጊዜ እሰጣለሁ፤ አንተ ለቆርቆሮ ትሳሳለህ፣ አጥብቀህ ነው የምትቆርጠው።»

ገላው መሬቱን አየ። «እኔም ሦስት ጣት ጨምሬ ነው የቆረጥሁት።»

«ለምን?»

«አንቺ ንድፍ ታጠብቂያለሽ። እኔ ሳልጨምር አንድም ቀን ገጥሞልኝ አያውቅም ብዬ ነው የማምን።»

ፋንታነሽ አሰበች። ስድስት ጣት ተጨምሯል፤ ሦስቱን ማጠፊያው በልቶታል። እንግዲያስ የቀረው ሦስት ጣት በቅርጹ ላይ ለምን አልታወቀም? ቱቦው እኮ ቅርጹ ላይ እንደ ልጣጭ ነበር የገጠመው። ቀስ ብላ ወደ አምባቸው ዞረች።

አምባቸው ጆሮውን እያከከ ነበር። «እቴ ፋንታ፣ አትይኝ» አለ። «ቆርቆሮ ታጥፎ ሲለቀቅ ይኮማተራል ብዬ ቅርጹን በሦስት ጣት አወፈርሁት። ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ነው የማደርግ። ያንቺንም የወንድሜንም ጥበት ተሸክሜ የምኖር እኔ ነኝ ስል ነበር።»

መጀመሪያ የሳቀው ገላው ነው፤ ከእሱ የማይጠበቅ ሳቅ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዳችን ያንዳችንን ጥፋት ስንሸፍን ኖረናል» አለ። «ጥፋቱ ግን አልነበረም።»

በሣጥን ላይ የሦስት ጣት ትርፍ አይታወቅም፤ ክዳኑ ይውጠዋል። ምሰሶ ላይ ግን ይታወቃል። ፋንታነሽም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። አዲስ እግር ለመሥራት ጉልላቱን ወደ ብቸና መመለስ ሊኖርባቸው ነው። ከተመለሰ ፋሲካ ያልፋል፣ ነፋሱም ሳያየው ያልፋል። ነፋስ ያላየው ጉልላት ዛፍ አያስቆርጥም፤ ዛፍ ከሌለ ቦታው የሌላ ነው።

«ሽብልቅ እንምታበት» አለ አምባቸው።

«እንጨት ሲደርቅ ይላላል፤ አንተው ነህ ያስተማርኸኝ» አለችው።

ግቢው ውስጥ ሴቶች ለቆርቆሮ መቺዎቹ ውኃ ይዘው ይመላለሱ ነበር። አንዲቱ ከሌላ ሰው የተዋሰችው የሚመስል ሰፊ ቀሚስ ለብሳለች፤ ወገቧ ላይ ግን መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ አሥራ ቀሚሱ የራሷ መስሏል። ፋንታነሽ እናቷ ሲሉት የኖሩትን አስታወሰች፦ የሰፋ ቀሚስ አይጣልም፣ በመቀነት ይያዛል።

ተነሣች። «ገላው፣ እግሩን ከታች ወደ ላይ በመቀስ ሰንጥቀው፤ ጣት ጣት አድርገው። አምባቸው፣ አንተ እርጥብ ጠፍር ፈልግ፤ አልጋ ከሚጠፍር ሰው። እግሩን ምሰሶው ላይ አልብሱና ከላይና ከታች በጠፍሩ መቀነት አስታጥቁት። ጠፍሩ ሲደርቅ ያጠብቀዋል።»

«ዝናብ ሲነካው ግን ይላላል» አለ ገላው።

«ዝናብ እንዳይነካው ከላይ ቀሚስ አለብሰዋለሁ።»

ከጣሪያው ከተረፈው ቆርቆሮ ላይ ቀሚሱን እዚያው መሬት ላይ ነደፈችው። ከጉልላቱ ክንፍ ሥር ተነሥቶ፣ መቀነቶቹን ሸፍኖ፣ ወደ ታች እየሰፋ የሚወርድ ነው። ጠርዙ ላይ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት አደረገች፦ አንድ መስቀል፣ አንድ ክፍት ዓይን፣ አንድ መስቀል። ገላው ከመቁረጡ በፊት ቀና ብሎ አያት።

«ተራፊ?»

«ሰጥቻለሁ። አንተ አትስጥ።»

ገላው መስመሩ ላይ ቆረጠ። ከመስመሩ ወዲህም ወዲያም አላለም። አምባቸው ይህን አይቶ «ወንድሜ ዛሬ መነነ» አለ።

ጉልላቱ በማግሥቱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሽማግሌው ሰውዬ ከሥሩ ዞሮ ዞሮ አየና «ቀሚስ ለበሰ እኮ!» አለ፤ አሁን ግን የሳቀ ሰው አልነበረም። ቄሰ ገበዝ ግን ቃላቸውን አልለወጡም። «ያምራል። ነፋሱን እንጠብቅ» አሉ።

ገላው የበረንዳውን ዕቃ ሊያወጣና የቤቱን መሠረት ሊያስይዝ ወደ ብቸና ተመለሰ። ፋንታነሽና አምባቸው በገበዙ ቤት ቀሩ። ፋንታነሽ ግን ዝም ብላ አልጠበቀችም። ከቤተ ክርስቲያኑ የጧፍ ሰም ለምና፣ አምባቸው ቀሚሱ ሥር እጁን አስገብቶ ምሰሶውና እግሩ በሚገናኙበት ዙሪያውን በስሱ እንዲቀባው አደረገች። ጉልላቱ ጥቂት እንኳ ከተነቃነቀ ሰሙ ይሰነጠቃል። ዓይን ሊሳሳት ይችላል፤ ሰም አይሳሳትም። በየጥዋቱ ደግሞ ከዋርካው አንድ ሥር ላይ እየቆመች የጉልላቱን መስቀል ከበስተኋላው ካለው ዝግባ ጫፍ ጋር ታስተያየዋለች።

ፋሲካ አለፈ። ሚያዝያ በሞቃትና ዝም ባለ አየር አለቀ። ግንቦት ገባ፤ ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ እንኳ ጠፋ።

«ነፋሱም እንደ እመት ባንቺዓለም በቅሎ ደንብሮ ጠፋ» አለ አምባቸው። ሊያስቃት ፈልጎ ነው።

በግንቦት ልደታ ማግሥት፣ ከቀትር በኋላ፣ ከጮቄ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። መጀመሪያ አቧራው መጣ፤ ቀጥሎ የአንድ ቤት ሣር ክዳን ተነቅሎ በአየር ላይ ሲያልፍ አዩ። የዋርካው ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ወደቀ። በረዶው አዲሱን ጣሪያ ሲመታው ሰው ለሰው አይሰማማም ነበር። ፋንታነሽ ከደጀ ሰላሙ ሆና በበረዶው ውስጥ የመስቀሉን ጫፍ ፈለገች። ዝግባው ጎንበስ ቀና ይላል፤ መስቀሉ ግን እንዳለ ነው። ዝግባው ይወዛወዝ ወይስ መስቀሉ፣ እርግጠኛ ልትሆን አልቻለችም።

አባራ። ሕዝቡ ከየቤቱ ወጣ። ገበዙ በባዶ እግራቸው በረዶውን እየረገጡ መጡ። አምባቸው ጣሪያውን ወጣና ጭንቅላቱን ከቀሚሱ ሥር አስገባ። ብዙ ቆየ።

«አምባቸው!» አለች ፋንታነሽ። «ሰሙ?»

«እንደ ቀባሁት ነው!»

«ጥፍርህን አስኪድበት፤ ዙሪያውን።»

ዙሪያውን ጨርሶ ራሱን አወጣ፤ ጸጉሩ ላይ በረዶ አለ። «እቴ ፋንታ፣ ጸጉር የሚያስገባ ስንጥቅ የለም!» ብሎ ጮኸ። «ጠፍሩም ደርቆ እንደ ቀንድ ሆኗል፤ አንዲት ጠብታ አላገኘችውም!»

በዚያን ጊዜ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ያ በሆሳዕና ሰሞን በአፏ የቀረው እልልታ። ቄሰ ገበዝ ወልደ ሰንበት ወደ ቤታቸው ዞረው «መጥረቢያ አምጡ» አሉ።

እንጨቱ መንገዱ ሳይጨቀይ ብቸና ገባ። ገላው መሠረቱን ጨርሶ ነበር። ሰኔ ሲገባ የከተማው ሹም በቦታው ሲያልፉ ጣሪያው ወጥቷል፤ ግድግዳው ግን ገና ጭቃ አላየም፣ በርም የለውም። ሹሙ ቀና ብለው አዩና «ሕጉ ጣሪያ ነው የሚል» ብለው አለፉ።

ያ ክረምት ዝናብ ሲመጣ ሥራ ያልቆመበት የመጀመሪያው ክረምት ነው። አንድ ጣሪያ ሥር ገላው ይቆርጣል፣ አምባቸው ይጠርባል፣ ፋንታነሽ በወለሉ ላይ ያወጣችው ንድፍ ሳይነካ ያድራል። የአንዱን ሥራ ሌላው ዓይኑ እያየ ነው። ፋንታነሽ አንድ ሕግ አወጣች፦ ተራፊ የሚሰጠው ነዳፊው ብቻ ነው። ከወይራ አንድ ክንድ የሚሆን ዘንግ አስጠርባ፣ ጣትና ስንዝሩን በሚስማር ምልክት አስደርጋበት ግድግዳው ላይ ሰቀለች፤ ከዚያ ወዲያ በቤቱ ውስጥ በክንዱ የለካ ሰው አልነበረም። ከየጁቤ አንድ ደብር፣ ከደብረ ኤልያስ ሌላ፣ «ያችን ባለ ቀሚሷን» እያሉ ላኩባቸው። የሁለት እህቶቿን ባሎች ወደ ሥራው አስገባች፤ እነሱንም መጀመሪያ ያስያዘቻቸው መቀሱን ሳይሆን ዘንጉን ነው። እመት ባንቺዓለም ሳይቀሩ ለልጃቸው ሣጥን ሊያሠሩ መጡ። በቅሎዋ ግን ከመንገዱ ማዶ ቆማ አልሻገርም አለች።

«አየሽ፣ ቂመኛ ናት» አሉ ለፋንታነሽ። «እኔ ግን ይቅር ብያችኋለሁ።»

በመስከረም ያለ በር የከረመው ቤት በር ሊገባለት ሆነ። ለየጁቤ የሚሄደው ጉልላት ተገጣጥሞ ሙሉ ሆኖ ቤቱ መሐል ቆሟል፤ ክንፉ እንደ ተዘረጋ ሳይፈቱት የሚያወጡበት በር ስፋቱ አራት ክንድ መሆን አለበት። ፋንታነሽ ነደፈች፣ አምባቸው መቃኑን ጠረበ፣ ገላው ጠርዙን በቆርቆሮ አለበሰ። በተተከለ ዕለት ሦስቱም ከፊቱ ቆመው አንዳቸው ያንዳቸውን እጅ ያያሉ።

«አልጨመርሁም» አለ ገላው ማንም ሳይጠይቀው።

«እኔም ብሆን» አለ አምባቸው። «እጄ ግን አሳከከኝ።»

ፋንታነሽ የወይራውን ዘንግ ከግድግዳው አወረደች። ከግራው መቃን ጀምራ እያጋደመች ወደ ቀኙ ሄደች፤ ለመጨረሻ ጊዜ ስታጋድመው የዘንጉ ጫፍ መቃኑን ነካ። በሩ ልክ አራት ክንድ ነበር፤ አንዲት ጣት አልተረፈውም፣ አንዲት ጣትም አልጎደለውም።